ነፋሱን አይቶ ባሕር መግባት፦ ጎዞ ደሴት ላይ በማስክና በቱቦ

አብዛኞቻችን ውሃን የምናውቀው ከዳር ሆነን ነው። ደጋ ያደገ ሰው ወንዝ ሲሞላ ይሸሻል እንጂ አይገባበትም። አዲስ አበባ ያደገው ደግሞ ከቀናው ግዮን ሆቴል ወይም ሶደሬ ሄዶ፣ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት በኩል ተንቦጫርቆ ይመለሳል። እኔም ዋና የተማርኩት ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ልጄን ለዋና ትምህርት ሳመላልስ ገንዳው ዳር ተቀምጦ መጠበቁ ሰለቸኝና የጎልማሶች ኮርስ ገባሁ። ዛሬም ጎበዝ ዋናተኛ አይደለሁም። ግን ማልታ ውስጥ ጎዞ በምትባለው ደሴት ማስክ አጥልቄ፣ ቱቦ ነክሼ፣ በሆዴ ተንሳፍፌ ከታች ያለውን ሳይ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዘግይቶ ውሃ ለለመደ፣ “ይሄስ የፈረንጅ ነገር ነው” ብሎ ለተወው ሰው ነው።

ስኖርክሊንግ፣ ማለትም እንዲህ በማስክና በቱቦ ተንሳፍፎ የባሕሩን ሥር ማየት፣ ጡንቻ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ረጋ ብሎ መተንፈስና የትኛው ዳርቻ በየትኛው ቀን እንደሚገባበት ማወቅ። የመጀመሪያውን ገንዳ ውስጥ ተማርኩት። ሁለተኛውን ያስተማረኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ማልታ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራል፤ እኛ ቤት ትልቁም ትንሹም “ጋሼ” ይለዋል። በሊቢያ በኩል፣ በዚሁ ባሕር ላይ ነው የመጣው። እስካሁን ውሃው ውስጥ ሲገባ አይቼው አላውቅም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁትም። ባሕሩን ግን ከእርሱ የተሻለ የሚያነብ ሰው አላየሁም።

ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ዕቃው ልጨርስ። ማስክ ስል ገንዳ ውስጥ የምናደርጋትን ትንሽ የዋና መነጽር ሳይሆን አፍንጫንም አብሮ የሚሸፍነውን ነው። ገንዘብ ልታወጡ ካሰባችሁ እዚህ ላይ አውጡ። ቱቦውና የእግር መቅዘፊያው ርካሽም ቢሆኑ ይሠራሉ፤ ውሃ የሚያስገባ ማስክ ግን ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። ሱቅ ውስጥ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡና ማስኩን ፊታችሁ ላይ ብቻ አስቀምጡት፤ በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው፤ ከወደቀ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። የፊቱ መስታወት በሙቀት የጠነከረ እውነተኛ መስታወት፣ ዙሪያው ደግሞ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች የዓይናችሁን ቁጥር የያዘ ማስክ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ያለ እርሱ ዓሣው ሁሉ ጭጋግ ነው የሚሆንባችሁ።

ፀጉራችንን በሚመለከት ሻጮቹ የማይነግሩን ነገር አለ። የጎማው ማሰሪያ ፀጉር ይነጫል፣ በተለይ ያልተሠራ ከሆነ። ማሰሪያውን የሚሸፍን ለስላሳ ጨርቅ ለብቻው ይሸጣል፤ ግዙት፣ ከልቅሶ ያድናችኋል። ሹሩባ ከተሠራችሁ ወደ ኋላ የሚሄድና ከራስ ቅል ጋር የሚተኛው ይሻላል፤ ጭንቅላት ጀርባ ላይ ወፍራም ጉንጉን ካለ ማሰሪያው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንዲት ዘለላ ፀጉር እንኳ ከማስኩ ጠርዝ ሥር ከገባች ውሃው በእርሷ በኩል ይንጠባጠባል። ወንዶች በጢማቸው ምክንያት እንደዚሁ ይቸገራሉ፤ ባለቤቴ ለዕረፍት ስንሄድ ከአፍንጫው ሥር ጥቂት ይላጫል፤ ቀሪውን አልነካም ይላል።

ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን፣ በአፍም በአፍንጫም የሚተነፈስበትን ዓይነት ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ለጀማሪ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን አልመክረውም። በደንብ ባልተሠራው ውስጥ ያስወጣነው አየር ተመልሶ ይከማቻል፤ ደግሞም ሰው ሲደነግጥ ቱቦ ከአፍ ይተፋል፣ ያንን ግን ከፊት ላይ ለማውለቅ ጊዜ ይፈልጋል። ጠልቀው ጆሯቸውን ማስተካከል ለሚፈልጉም አፍንጫቸውን መያዝ አይችሉም።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ በስስ ቅባት ተሸፍኖ ስለሚመጣ እንፋሎት ይይዛል። ከውስጥ በኩል በጥርስ ሳሙና በጣታችሁ አሽታችሁ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ በኋላ በየመግቢያው ትንሽ የሕፃናት ሻምፑ ወይም ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ ይበቃል። ልጄ ምራቁን ስትጸየፍ ጋሼ፣ “ምርቃት ነው እኮ፤ እንትፍ በይበትና ግቢ” አላት። ከዚያ ወዲህ ራሷ ናት የሁላችንንም የምትመርቀው።

ባሕር ከመግባታችሁ በፊት ልምምዱን ቤታችሁ አጠገብ ባለ ገንዳ፣ መቆም በምትችሉበት ጥልቀት አድርጉት። ቁማችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ብቻ ነክራችሁ በቱቦው ተንፍሱ። መጀመሪያ ደረታችሁ ይቃወማል። አእምሮ፣ “ውሃ ውስጥ ነህ፣ አትተንፍስ” ይላል፤ አፍ ደግሞ አየር እያገኘ ነው። ሁለቱ እስኪታረቁ ጊዜ ይፈልጋል፤ አትቸኩሉ። ማስወጣቱን ከማስገባቱ ይበልጥ አርዝሙት። ቀጥሎ ሆን ብላችሁ ማስኩ ውስጥ ውሃ አስገቡና የላይኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ግንባራችሁ ላይ ተጭናችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ ውሃው በታች በኩል ይወጣል። ቱቦውንም እንዲሁ ሙሉትና በአንድ ጠንካራ ትንፋሽ ወደ ላይ ንፉት። እነዚህን ሁለት ነገሮች እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ ማድረግ ከቻላችሁ ዝግጁ ናችሁ። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነው፦ የሆነ ነገር ግራ ሲገባችሁ ወዲያው በጀርባ ተገልብጦ ሰማይ እያዩ መንሳፈፍ። ሜዲትራንያን በአንድ ሊትር 38 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ውቅያኖሶች በአማካይ 35 ገደማ ናቸው። ከገንዳ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ይታወቃል፤ ባሕሩ ራሱ ይሸከማችኋል። ያም ሆኖ የማይተማመን ሰው በአፍ የሚነፋ ቀጭን ጃኬት ይልበስ። ማንም አይስቅባችሁም፤ ቢስቅም ውሃ ውስጥ አይሰማም።

ማልታ በመጽሐፍ ቅዱስ መላጥያ የተባለችው፣ የሐዋርያው ጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት ናት። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ሦስት ናቸው፦ ዋናዋ ማልታ፣ ጎዞ፣ በመካከላቸው ደግሞ ትንሿ ኮሚኖ። እኛ ጎዞን የምንመርጠው ከማልታ ይልቅ ፀጥ ያለች፣ ትንሽ ስለሆነችም ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ ነው። ይህ ትንሽነቷ ለምቾት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ነፋስ ሲዞር እኛም ዞረን ሌላኛው ዳርቻ እንድንገባ ያስችለናል። መሻገሪያዋ መርከብ ከቺርኬዋ ተነሥታ ምጃር ወደብ ለመድረስ 25 ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። ሲሄዱ ማንም ትኬት አይጠይቅም፤ የሚከፈለው ከጎዞ ሲመለሱ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ትኬት ቢሮ ፍለጋ ሲዞር ጋሼ መኪናው ውስጥ ሆኖ እየሳቀ ይመለከተው ነበር።

ጋሼ ዕረፍት ሲወጣ ከእኛ ጋር ጎዞ ያድራል። ጠዋት ቡናው ሳይፈላ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስልኩ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ ያያል፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን የጎረቤት ባንዲራ ያያል፤ ስልኩና ባንዲራው ካልተስማሙ የሚያምነው ባንዲራውን ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ያለው ዳርቻ ይታወካል፤ ከደሴቲቱ ጀርባ ያለው ይረጋል። ማልታ ላይ በብዛት የሚነፍሰው ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ ሰዎቹ መይስትራል ይሉታል። መይስትራል ሲሆን በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያሉት ምጃር ኢሽ-ሺኒና ሆንዶቅ ጸጥ ይላሉ፤ በምዕራብ ያለችው ድዌይራ ግን አለቷ ላይ ነጭ አረፋ ይደፋባታል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው፣ ሽሎክ የሚሉት ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰሜን፣ ከድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩት የጨው ማድረቂያዎች ወዳሉበት ወደ ሽዌይኒ እንሄዳለን። ግሪጋል ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ነው። የጳውሎስን መርከብ አሥራ አራት ሌሊት ያንገላታው አውራቂስ ይኸው ነው ይላሉ፤ በእርሱ ቀን ሰሜኑን ጨርሶ እርሱት።

ባሕሩ ዳርቻው ላይ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ከሁለት ስንዝር አይበልጥም። ስለዚህ እንደ ውቅያኖስ ዳርቻዎች የሰዓት ሠንጠረዥ ማጥናት አያስፈልግም፤ ነፋሱ ብቻ ነው ወሳኙ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነፋስ ቢቆምም ሞገዱ አይቆምም፤ ሌሊቱን በርትቶ ካደረ በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ፣ ባንዲራው ተኝቶ እያለ እንኳ ውሃው አለቱን እየመታ ሊውል ይችላል። መኪናውን አቁሙና ለአሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ትላልቆቹ ሞገዶች የሚመጡት በየተራ ስለሆነ አንድ ጊዜ አይቶ “ደህና ነው” ማለት አይበቃም። ሁለተኛ፣ በተረጋጋው ዳርቻ ነፋሱ የሚነፍሰው ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ውሃው መስታወት ይመስላል፣ እናንተን ግን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋችኋል። በአየር የሚነፉ ፍራሾችና የልጆች ክብ ጎማዎች በዚህ ቀን ባይገቡ ይሻላል። እኛ ሁልጊዜ የባሕር ሰርጡን ግድግዳ ተከትለን ነው የምንሄደው፤ በየጥቂት ደቂቃው ቀና ብለን የገባንበትን ቦታ እናያለን። ፊት ውሃ ውስጥ ሲሆን ርቀት ይጠፋል።

ምጃር ኢሽ-ሺኒ የእኔ ቦታ ነው። ስሙ ከወደቡ ጋር ስለሚመሳሰል መኪና የሚከራይ ሰው ካርታው ላይ ሁለቱን እንዳያምታታ። በሁለት ገደል መካከል ወደ ውስጥ የገባ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ነው፤ አፉ ላይ በ1661 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ የመጠበቂያ ግንብ አለ። መንገዱ ቁልቁልና ጠባብ ነው፣ ከረፈደ ማቆሚያ አይገኝም። ውስጠኛው ጫፍ ላይ ጠጠር ያለባት ትንሽ ዳርቻ አለች፤ ከእርሷ እየተራመዳችሁ ትገባላችሁ። ወገብ ላይ ሲደርስ መቅዘፊያውን አጥልቁ፤ ቁጭ ብላችሁ አጥልቃችሁ ከየብስ ለመራመድ መሞከር መውደቅን መፈለግ ነው። ጎማ ጫማ ግን ከመኪናው ጀምሮ ይኑራችሁ፤ የማልታ ኖራ ድንጋይ ስለታም ነው፣ ውሃ ውስጥ ያለው አለት ላይ ደግሞ ጥቁር የባሕር ጃርቶች ተጣብቀው ይኖራሉ። እሾሃቸው ተረከዝ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ከዚያ ፊታችሁን ንከሩ። ቀይ ባሕርን፣ የምጽዋንና የዳህላክን ኮራል በዓይናችሁ ወይም በሥዕል ያያችሁ ሰዎች እንዳትከፉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ይህ እንደዚያ አይደለም። ሜዲትራንያን ቀለሙን አይረጭም፤ ጥርት ያለ ውሃ፣ አለት፣ አሸዋና ሣር ነው። ዓይን እስኪለምድ ባዶ ይመስላል። አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ዝም ብላችሁ ከተንሳፈፋችሁ ግን ዓሦቹ ይረሷችሁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሰው ሳያያቸው የሚያልፈው ለመዋኘት ሲቸኩል ነው። እኔ እጆቼን ደረቴ ላይ አጥፌ፣ እግሬን ከዳሌ ብቻ በቀስታ እያወዛወዝኩ ነው የምሄደው፤ እጁን የሚያንቦጫርቅ ሰው ዓሣ አያይም።

ግድግዳው ጥላ ውስጥ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትናንሽ ጥቁር ዓሦች ተሰብስበው ቆመው ታገኛላችሁ። በበጋው መጨረሻ በመካከላቸው ሐምራዊ ሰማያዊ ሆነው የሚያበሩ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ጫጩቶች አሉ፤ የእነዚያው የጥቁሮቹ ልጆች ናቸው፣ ሲያድጉ ቀለማቸውን ይጥላሉ። አረንጓዴ ላይ ሰማያዊና ቀይ የተሰመረባቸው ቀጫጭኖች አለቱን እየነካኩ ያልፋሉ፤ እነዚህ ሴት ሆነው ጀምረው በኋላ ወንድ መሆን ይችላሉ። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ሴቷ ደማቅ ቀይ ናት፣ ትከሻዋ ላይ ግራጫና ቢጫ አለባት፤ ወንዱ ደብዛዛ ግራጫ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ለአባቷ ብዙ ነገር ተናግራለች፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከአለቱ ቀጥሎ ጥቁር አረንጓዴ የሚመስል ሜዳ ይመጣል። ብዙ ሰው “ቆሻሻ አልጌ” ብሎ ይሸሸዋል፤ አልጌ አይደለም። ፖሲዶኒያ የሚባል፣ ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያለው ተክል ነው፤ ይህ ዝርያው ከሜዲትራንያን በቀር በሌላ ባሕር አይበቅልም። ፀሐይ ሲመታው ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የኦክስጅን ቅንጣቶች ይታያሉ። ወርቃማ መስመር ያላቸው ዓሦች መንጋ ሆነው፣ ልክ ማለዳ እንደተለቀቁ በጎች፣ አንገታቸውን ደፍተው ይግጡታል፤ አንዱ ሲነሣ ሁሉም ይነሣል። ባሕር ዳር ተከምሮ የምታዩት ቡናማ ነገርም የዚሁ ተክል የደረቀ ቅጠል ነው፤ ክምሩ አሸዋውን ሞገድ እንዳይጠርገው ስለሚጠብቅ በመኖሩ አትማረሩ።

ኦክቶፐስ የምትፈልጉ ከሆነ ኦክቶፐሱን አትፈልጉ፤ ጉድጓዱን ፈልጉ። አለት ሥር ባለ ቀዳዳ ደጃፍ ላይ ሰው የደረደረው የሚመስል የጠጠርና የዛጎል ክምር ካያችሁ ባለቤቱ ውስጥ ነው። ከላይ ሆናችሁ፣ ጥላችሁን ሳታጠሉበት ጠብቁ። እኔ ያየሁት መጀመሪያ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ ነው፤ ክንዱ ዛጎሉን ወደ ውስጥ ስቦ ደጁን ዘጋብኝ።

እጅ ግን ወደ ራሳችሁ ይሁን። ነጭ ፀጉር በጎንና በጎኑ የበቀለበት፣ ከቀይ እስከ አረንጓዴ የሚለያይ ረጅም ትል አለቱ ላይ ይሄዳል፤ ፀጉሮቹ ቆዳ ውስጥ ገብተው እንደ እሳት ያቃጥላሉ። በስዊዝ ካናል በኩል ከቀይ ባሕር ተሰድደው የመጡ ዓሦችም አሉ፤ ካናሉ ከተከፈተበት ከ1869 ወዲህ መንገዱ ክፍት ነው። አንደኛው፣ ጥንቸል ዓሣ የሚሉት ቡናማው፣ የጀርባው እሾህ መርዝ አለው። ሳይነኩት አይነካም። ትልቁን፣ አሸዋ ላይ ቆሞ የሚኖረውን የሜዲትራንያን ዛጎል ደግሞ ቆሞ ብታገኙት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከ2016 ጀምሮ አንድ ጥገኛ ተሕዋስ አብዛኛውን ፈጅቶታል። እንዳለ ተዉት፣ ለማስታወሻ ብላችሁ አታንሱ። ለዓሦች ዳቦ መጣልም አልወድም፤ ዳቦ የለመዱት ይከተላሉ፣ ይነክሳሉ፣ ሌላውን ያባርራሉ።

ስለ ጄሊፊሽ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ማልታ ላይ የሚያስቸግረው ሐምራዊ የሆነ ትንሽ ዓይነት ነው፤ እርሱም የነፋስ ነገር ነው። ራሱ ወደ ፈለገበት አይሄድም፤ ነፋሱ ወደ ዳርቻ ሲገፋው ሰርጡን ይሞላል፣ ሲዞር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ጀርባ ለነፋስ በሰጠው ዳርቻ የምትገቡ ከሆነ ከዚህም ብዙውን ጊዜ ትድናላችሁ። ነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት ዳርቻ ሐምራዊ ባንዲራ ከተሰቀለ ጄሊፊሽ አለ ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ አትግቡ፣ ክርክር የለውም።

ልጄን አንድ ቀን ክንዷ ላይ አገኛት። አጠገባችን የነበረ ቱሪስት አዝኖ የመጠጥ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ጋሼ፣ “ተው ወንድሜ፣ እርሱን አይደለም!” ብሎ በአማርኛ ጮኸበት፤ ሰውየው ባይገባውም ቆመ። ምክንያቱም ጨው የሌለው ውሃ ቆዳው ላይ የቀሩትን መርዝ ያዥ ሕዋሳት ያፈነዳቸዋል። ኮምጣጤም ለዚህኛው ዓይነት አይሆንም፤ አሸዋና ፎጣ ማሸትም አይገባም። በባሕር ውሃ ታጥባላችሁ፤ የቀረ ክር ካለ በባንክ ካርድ ጠርዝ በቀስታ ትጠርጋላችሁ። እኛ ጓዛችን ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ጠርሙስ እንይዛለን፤ እኩል ከባሕር ውሃ ጋር ለውሶ መቀባት ይረዳል።  ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ ወይም ማስታወክ ከመጣ ግን 112 ነው የሚደወለው። ጀርመንም ሆነ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የጤና መድን ያላችሁ ሰዎች የአውሮፓ የጤና መድን ካርዳችሁን አትርሱ፤ የጀርመኑ ከመደበኛው ካርድ ጀርባ ላይ ነው ያለው። ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ሁለቱንም ያዙ፤ ሸንገን ውስጥም ቢሆን አየር መንገዱ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ድዌይራን ሳላነሣ ባልፍ ጎዞን የሚያውቅ ሰው ይወቅሰኛል። “የሰማያዊው መስኮት” የተባለው ታዋቂው የድንጋይ ቅስት እዚያ ነበር፤ መጋቢት 8 ቀን 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማዕበል ወደቀ። ባሕሩ ከገደሉ ጀርባ የሚያቁራት ጥልቀት የሌላት ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ከዋናው ባሕር ጋር የምትገናኘው 80 ሜትር ያህል በሆነ ዋሻ ነው። ሐይቋ ውስጥ ለልጆችና ለጀማሪዎች ጥሩ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ግን ጀልባዎች ስለሚመላለሱ በዋና አትግቡ። ብሉ ሆል የሚሉት ክብ ጉድጓድ 15 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ከላይ ተንሳፍፎ የጠላቂዎቹ አረፋ ከሥር ሲመጣ ማየት ደስ ይላል፤ ግን መግቢያው ስለታም አለት ነው፣ ለምዕራብ ነፋስም ፊት ለፊት ነው። መግባት ሳይሆን መውጣቱ ነው የሚከብደው፤ ሞገድ ሰውን አለቱ ላይ ይጥለዋል። ጋሼ እዚያ ከአንድ ጊዜ በላይ መኪናውን አዙሮ መልሶናል፤ ልጆቹ አኮረፉ፣ እኔ ደስ አለኝ። በሰሜን በኩል ያለው ዊየድ ኢል-አስሪም እንደዚሁ ነው። ጠባብ ገደል ስለሆነ በተረጋጋ ቀን እጅግ ያምራል፤ የሰሜን ነፋስ ካለ ውሃው ገብቶ መውጫ ያጣል።

ስለ ኮሚኖ ብዙ አልልም። ብሉ ላጉን የሚሉት የደሴቲቱ ታዋቂ መዋኛ በፎቶ የሚታየውን ያህል ሰማያዊ ነው፣ ሰዉም የሚባለውን ያህል ብዙ ነው። ከ2025 ጀምሮ የሚገባው ሰው ቁጥር ስለተገደበ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ዓሣ ለማየት ከሆነ ግን አልሄድበትም።

ልጆችን በተመለከተ ቤታችን ውስጥ ሦስት የማይደራደሩ ነገሮች አሉ። ብቻውን የሚገባ የለም፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን። ከተከለለው የመዋኛ ክልል ውጭ የምንሄድ ከሆነ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ኳስ በገመድ እንጎትታለን፤ ጀልባ ነጂ ውሃ ላይ የተኛ ጥቁር ራስ አያይም። ሦስተኛው ለትልልቆቹ ልጆች ነው፦ ወደ ታች ለመጥለቅ ብሎ በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ ክልክል ነው። እንዲያ ሲደረግ የመተንፈስ ፍላጎት ይዘገያል፣ ኦክስጅኑ ግን ያልቃል፤ ሰውየው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎረምሶች እስትንፋስ በመያዝ ሲወዳደሩ ካያችሁ ተቆጡ።

ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል። በሆድ ተንሳፍፎ ለሰዓት የቆየ ሰው ጀርባውና የጉልበቱ ጀርባ ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ ቅዝቃዜው ስለሚደብቀው ማታ ነው የሚታወቀው። እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ሰንስክሪኑንም ይቆጥባል።

ወቅቱን ስለመምረጥ፦ ነሐሴ ላይ ውሃው 26 ወይም 27 ዲግሪ ስለሚደርስ ሞቃት ነው፣ ግን ሕዝቡና ሙቀቱ ከባድ ነው። ፍልሰታን የሚጾም ሰው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ በዚያ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ባይቆይ ይሻላል፤ የባለቤቴ እናት አብራን በነበረች ጊዜ ማለዳ ብቻ እግሯን ነክራ ትወጣና ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር፣ ልክ ናት። መስከረም፣ እንቁጣጣሽ አካባቢ፣ ውሃው ገና ሞቃት ሆኖ ሰዉ ይቀንሳል። ለእኛ የተመቸን በጥቅምት ያለው የጀርመን ትምህርት ቤቶች የበልግ ዕረፍት ነው፤ ባሕሩ 23 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስስ የዋና ልብስ ከተደረገበት አይበርድም፤ ነጎድጓዳማ ዝናብ ግን ይኖራል፣ ከዝናብ በኋላም ውሃው ለአንድ ሁለት ቀን ይደፈርሳል። ግንቦት ላይ ፀሐዩ ያታልላል፤ ውሃው ገና 18 ወይም 19 ነው።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ባሕር ገብቶ ማታ መብረር ይቻላል፤ በአየር ጠርሙስ የሚጠልቁት ናቸው ከመብረራቸው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ያለባቸው። ማስኩን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ፣ መስታወቱ እንዳይጫር በካልሲ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት። መቅዘፊያው ጋሼ ጋ ይቀራል።